ዘጠና ደቂቃው ይታያል፣ ልፋቱ አይታይም

ዳቬይተን የሚኖር ሰው ኳስ ባይወድ እንኳ ካይዘር ቺፍስ የተሸነፈበትን ቀን ያውቃል። በማግስቱ ዳቦና ወተት ሊገዛ የሚመጣው ጎረቤት ሰላምታው ያጥራል። ቢጫና ጥቁሩ ማሊያ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይውላል እንጂ አይለበስም። የፓይሬትስ ደጋፊ ደግሞ የሚገዛው ነገር ባይኖረውም ሱቅ ድረስ መጥቶ ይስቃል። ቺፍስ ሲያሸንፍ ሰፈሩ ሌላ ነው፤ መኪናው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል፣ ያልተዋወቀ ሰው ይተቃቀፋል፣ ዱቤ ያለበትም ሳይጠየቅ ይከፍላል።

እኔ ምግብ ቤት ነው ያለኝ። በምግብ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ከድስት አይተናነስም፤ ቅዳሜና እሁድ ያለ ኳስ ደንበኛ አይቀመጥም። ስለዚህ ብዙ ዓመት ጨዋታውንም፣ ከጨዋታው በኋላ የሚወራውንም፣ ዜናውንም፣ ድራማውንም ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰምቻለሁ። ዛሬ ስለ ሁለት ነገር ልጻፍ፤ አንደኛው ደጋፊ በክለቡ ላይ ስላለው ብሶት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሥራ የሚባለው ነገር በስክሪን ላይ እንዴት እንደሚቀርብልን ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ግን ልጆቻችን የሚማሩት ከሁለቱም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አሥር ዓመት መጠበቅ

ካይዘር ቺፍስን በ1970 የመሠረቱት ካይዘር ሞታውንግ ናቸው። የኦርላንዶ ፓይሬትስ ተጫዋች ነበሩ፤ ከዚያ አሜሪካ ሄደው ለአትላንታ ቺፍስ ተጫወቱ። ሲመለሱ የራሳቸውን ስም ከአሜሪካው ክለብ ስም ጋር አጋብተው አዲስ ቡድን አቆሙ። ይህን ለልጆቻችን መንገር ጥሩ ነው። ዛሬ በደቡብ አፍሪካ ብዙ ደጋፊ ካላቸው ክለቦች አንዱ የሆነው ቡድን፣ ባሕር ተሻግሮ ሠርቶ በተመለሰ ሰው የተመሠረተ ነው።

ይህ ክለብ በ2015 የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ድርቅ ገባ። በ2019 የኔድባንክ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ከታችኛው ዲቪዚዮን በመጣው ቲ.ኤስ. ጋላክሲ 1 ለ 0 ተሸነፈ። የ2020ው ደግሞ የባሰ ነው። ክለቡ 50ኛ ዓመቱን እያከበረ፣ አብዛኛውን የውድድር ዘመን ሊጉን ሲመራ ቆይቶ፣ በመጨረሻው ቀን ከባሮካ ጋር 1 ለ 1 ወጣና ዋንጫው ለማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሆነ። በ2021 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ ካዛብላንካ ላይ በአል አህሊ 3 ለ 0 ተረታ። በ2024 ሊጉን 10ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚህ ሁሉ መሐል ሰንዳውንስ ከ2018 እስከ 2025 ድረስ ሊጉን በተከታታይ ስምንት ጊዜ በላ።

ቺፍስ እንደገና ዋንጫ ያነሳው ሜይ 10 ቀን 2025 ደርባን ላይ ፓይሬትስን 2 ለ 1 አሸንፎ የኔድባንክ ዋንጫን ሲወስድ ነው። ልክ አሥር ዓመት! በ2015 የተወለደ ልጅ ክለቡ ዋንጫ ሲያነሳ ለማየት አሥር ዓመት እስኪሞላው ጠበቀ ማለት ነው።

በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ስንት አባት «አባዬ፣ ለምን ሰንዳውንስን አንደግፍም?» ተብሎ ተጠይቋል! ጥያቄው የልጅ ነው፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። ሲያሸንፍ የኔ፣ ሲሸነፍ የናንተ የሚባል ክለብ ካለ፣ ነገ ቤተሰብም፣ ጓደኛም፣ ሥራም እንደዚያ ሊሆን ነው።

የደጋፊው ብሶት

ደጋፊ ለምን ተናደደ ብሎ መውቀስ አይገባም። ስታዲየም የሚገባው ሰው ሀብታም አይደለም። በሳምንቱ ውስጥ በታክሲ ተጋፍቶ ሄዶ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጭኖ፣ የሰው ቤት አጽድቶ ያገኘውን ነው ይዞ የሚሄደው። ከዳቬይተን እስከ ኤፍ.ኤን.ቢ. ስታዲየም ድረስ ለመሄድ የታክሲ አለ፣ የትኬት አለ፣ ለልጁ የሚበላ አለ። ያን ሁሉ አውጥቶ ያለ ፍላጎት የሚጫወት ቡድን ካየ ቢናገር እውነት አለው።

ልጆች፣ ደጋፊዎች ጭንቅላታቸው ላይ የሚያደርጉትን ያጌጠ ቆብ አይታችኋል? ማካራፓ ይባላል። ያንን የፈጠሩት አልፍሬድ ባሎዪ የሚባሉ የቺፍስ ደጋፊ ናቸው። ከገጠር ለሥራ ወደ ጆሃንስበርግ የመጡ የአውቶቡስ ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። በ1979 ስታዲየም ውስጥ ጠርሙስ ሲወረወር አይተው፣ ራሳቸውን ለመከላከል የማዕድንና የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ጠንካራ ቆብ አድርገው ገቡ። ቆይተው ቀለም ቀቡት፣ ቆርጠው ቅርጽ አወጡለት። በ2010 የዓለም ዋንጫ ጊዜ ዓለም በሙሉ ፎቶ አነሣው።

እንግዲህ አስቡት። ያ የደስታ ቆብ መጀመሪያው የሥራ ቆብ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን የሚያሳየን ጭፈራውን ብቻ ነው፤ ቆቡን ያደረገው ሰው ሰኞ ጠዋት የት እንደሚገባ ማንም አያሳይም።

«ሰነፎች ናቸው»

ቺፍስ በተሸነፈ ቁጥር ከጨዋታው በኋላ የሚቀርቡት ተንታኞች ቋንቋቸው አንድ ነው። «መሥራት አይፈልጉም፣ ረሃብ የላቸውም፣ ማሊያው ከበዳቸው» ይላሉ። ምግብ ቤት ውስጥ ያለውም ሰው ተቀብሎ ይደግመዋል። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ካሜራው በማይደርስበት ቦታ ነው።

አሠልጣኞቹን ብቻ እንቁጠር። ከ2015 በኋላ ስቲቭ ኮምፔላ መጣ፤ ከሱ ቀጥሎ ጆቫኒ ሶሊናስ፣ ኧርንስት ሚደንዶርፕ፣ ጋቪን ሃንት፣ ተመልሶ ስቱዋርት ባክስተር፣ አርተር ዝዋኔ፣ ሞሌፊ ንትሴኪ፣ በጊዜያዊነት ካቪን ጆንሰን፣ በ2024 ደግሞ ቱኒዚያዊው ናስረዲን ናቢ። እያንዳንዱ የራሱን አጨዋወት ይዞ ይመጣል፤ ተጫዋቾቹ እሱን ሳይለምዱ ሌላው ይተካል። በኛ ሙያ ድስቱ ሳይፈላ ወጥ ሠሪዋን እየቀየሩ ወጡ ለምን አልጣፈጠም ማለት ነው። ይህ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ አይታይም። የሚታየው ኳስ የሳተው ልጅ ብቻ ነው።

ምግብ ቤትም እንደዚሁ ነው። ደንበኛ እንጀራውን የሚያየው ትሪ ላይ ሲቀርብ ነው። ሊጡ ተቦክቶ ሁለትና ሦስት ቀን እንደቆየ፣ አብሲቱ እንደተጣለ፣ ምጣዱ ላይ የቆመችው እህት ወገቧን እንዴት እንደያዛት አያይም። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት በቀስታ ካልበሰለ ወጡ ወጥ አይሆንም፤ ያ ደግሞ ሰዓታት ነው። መብራት በሎድ ሼዲንግ የሚጠፋበት ጊዜ ሲሆን ሥራው እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ እንጀራው ትንሽ ከኮመጠጠ «ዛሬ ሰንፋችኋል» እንባላለን። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው!

ድራማውስ?

የድራማ ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። በዚህ አገር ዝነኛ የነበረው «ኢሲዲንጎ» ከ1998 እስከ 2020 የታየ ሲሆን መነሻው የወርቅ ማዕድን ከተማ ነበር። «ጀኔሬሽንስ» ደግሞ በማስታወቂያ ድርጅት ዙሪያ የተሠራ ነው። ቦታዎቹ የሥራ ቦታዎች ናቸው፤ ታሪኩ ግን በአብዛኛው ፍቅር፣ ክህደትና የወንበር ሽኩቻ ነው። ሻይ ይዛ የምትገባው ሴት ሻዩን አስቀምጣ ትወጣለች፤ የት እንደምትኖር፣ በስንት ሰዓት ተነሥታ እንደመጣች አናውቅም።

የአገራችንም ድራማዎች ከዚህ አይርቁም። ሀብታሙ ሰውዬ ቪላ አለው፣ መኪና አለው፣ ስልክ ያወራል፣ ይቆጣል። ምን ሠርቶ እንዳገኘው ግን ስንት ክፍል አይተንም አናውቅም። ልጅ ይህን እያየ ሲያድግ ሥራ ማለት ስልክ ማውራትና መቆጣት ይመስለዋል። ጧት አራት ሰዓት ተኩል ከሌሊቱ ላይ ተነሥቶ ወደ ገበያ የሚሄደው የገዛ አባቱ ሠራተኛ አይመስለውም።

«ማይ ፍሬንድ» በዜና ላይ

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በሎኬሽን ሱቅ ያለው ሐበሻ ስሙ ማንም ይሁን ማን «ማይ ፍሬንድ» ነው። ዜና ላይ ሲቀርብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊት የለውም፤ የብረት ፍርግርግ፣ ከፍርግርጉ በስተጀርባ የሚቀበል እጅ፣ መደርደሪያ ላይ የተደረደረ ዕቃ፣ ከዚያ ፖሊስ።

በኦክቶበር 2024 ሶዌቶ ናሌዲ ውስጥ ስድስት ልጆች ሞቱ። ምርመራው ቴርቡፎስ የሚባል የእርሻ ተባይ ማጥፊያ መርዝ እንደሆነ አሳየ፤ በየሎኬሽኑ አይጥ ለማጥፋት በሕገ ወጥ መንገድ የሚሸጥ መርዝ ነው። የሞቱት ልጆች የሁላችንም ልጆች ናቸው፤ በዚህ ላይ ነገር ማለሳለስ አይገባም። ፕሬዚዳንት ራማፎዛ ኖቬምበር 15 ቀን 2024 የስፓዛ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ቀኑ በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ተራዘመ። በዚያው ንግግራቸው እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ የደቡብ አፍሪካውያን በሆኑ ሱቆችም ሊሸጥ እንደሚችል ተናግረዋል። ያንን ግን ስንቱ ሰማው? ብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የቀረው ፍርግርጉና እጁ ነው።

ምዝገባውና ቁጥጥሩ ተገቢ ነው። ምግብ የሚሸጥ ሰው ንጽሕናውን መጠበቅ፣ መርዝን ከምግብ ጋር አለማስቀመጥ፣ ቀኑ ያለፈበትን ዕቃ መጣል ግዴታው ነው፤ ይህን ማንም ሳያዘን ማድረግ አለብን። ነገር ግን ሥራችን ሙሉው ታሪኩ ይህ አይደለም። ንጋት ላይ ተነሥቶ ዳቦ የሚያስገባ፣ ለጎረቤት አሮጊት እስከ ወር መጨረሻ በዱቤ የሚሰጥ፣ ሌሊት ልጅ ሲታመም ፓናዶል ሲጠየቅ የሚከፍት ሰው አለ። እሱን ካሜራ አያውቀውም። ልክ ያንን ኳስ የሳተውን ልጅ እንደምናውቀው ሁሉ፣ ጎረቤቶቻችንም እኛን የሚያውቁን በሳትነው ብቻ እንዳይሆን የምንሠራውን ራሳችን ማሳየት አለብን። ሱቁ ንጹሕ ይሁን፤ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ይሰቀል፤ ሰላምታው በዙሉ ይሁን።

እኛስ ምን እናሳያለን?

እዚህ ላይ ጋዜጠኛውን ብቻ መውቀስ ልክ አይመጣም። ራሳችን የሥራችንን ምስል ስንት ጊዜ እናዛባለን! ወጣቱ የጓደኛውን መኪና ተደግፎ ፎቶ ይነሣል። ብር ዘርግቶ ቪዲዮ ይሠራል። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሙ ያንን ያያል። ሱቅ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ መተኛቱን አያይም። ዘራፊ የገባበትን ሌሊት አያይም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው መኪና ግን ስንቱን ወንድም ለመንገድ አስነሥቷል።

መንገዱ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ ነው። በማርች 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በኦክቶበር 2022 ደግሞ ሰሜን ማላዊ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ አስከሬኖች በጅምላ ተቀብረው ተገኙ። እነዚህ ልጆች ሰው ሁሉ እንደሚለው ሥራ ጠልተው አልነበረም የወጡት። ሥራ ፈልገው ነው። ነገር ግን ያዩት የሥራ ምስል ግማሽ ነበር፤ ዋንጫው የተነሣበትን ደቂቃ እንጂ ዓመቱን ሙሉ የነበረውን ልፋት ያሳያቸው የለም።

ለዚህ ነው ነገሩን ቀላል አድርጌ የማላየው። ለአገር ቤት ስልክ ስንደውል «እንዴት ነው ሥራ?» ሲሉን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ብቻ አንዝጋ። ስንት ሰዓት እንደምንቆም፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደምንፈራም እንንገራቸው። እናቶቻችንን ለማስጨነቅ አይደለም፤ ታናናሾቻችን ሙሉውን አውቀው እንዲወስኑ ነው።

አንድ ቢጫ ካርድ

ስለ ማይታይ ሥራ ከሆነ የኛው ብሔራዊ ቡድን ጥሩ ትምህርት አለው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት በ2013፣ እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ነው። ኔልስፕሩት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲወጡ፣ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው አዳነ ግርማ ግብ ሲያገባ፣ ከጆበርግ የሄደው ሐበሻ ድምፁ ዘግቶ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት ጁን 16 ቀን አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈች። አንዱን ጌታነህ ከበደ አገባ፤ ሁለተኛውን ደግሞ የካይዘር ቺፍሱ በርናርድ ፓርከር በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረልን። በዚህ አገር የሚኖር የቺፍስ ደጋፊ ሐበሻ ያን ቀን ምን ይበል? የክለቡ ልጅ በስሕተት አገሩን አስደሰተው! ጌታነህ ራሱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ጆሃንስበርጉ ቢድቬስት ዊትስ መጣ።

ከደስታው በኋላ ግን ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ እያለበት ከቦትስዋና ጋር ተሰልፎ ነበር። ጥፋቱ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ካርድ መዝግቦ የመያዝ ጉዳይ ነበር። ቢሮ ቁጭ ብሎ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ሥራ ለካ ከአጥቂው ሥራ እኩል ነው። ቡድኑ በኋላ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፎ ወደ መጨረሻው ማጣሪያ አለፈና በናይጄሪያ ተረታ። ያቺ ቢጫ ካርድ ግን ሕዝቡን ስንት ቀን እንቅልፍ ነሣችው!

የአገራችን ክለቦችም ስማቸው ራሱ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ቡና፣ መብራት ኃይል፣ ኢትዮጵያ መድን፣ ንግድ ባንክ፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ መተሐራ ስኳር። ቡና የለቀመውም፣ ሲሚንቶ የፈጨውም፣ ሸንኮራ የቆረጠውም ስሙ ሜዳ ላይ ይጠራል። ቡና ደጋፊው ያን ያህል እየዘመረለት የሊጉን ዋንጫ በ2011 ከወሰደ በኋላ ብዙ ዓመት ጠብቋል። ደጋፊው ግን አልተበተነም። የቺፍስ ደጋፊ አሥር ዓመት ጠበቅኩ ብሎ ሲያማርር የቡና ደጋፊ አጠገቡ ቢቀመጥ ይጽናናል።

ለወላጆችና ለልጆች

ከዚህ በኋላ ከልጆቻችሁ ጋር ኳስ ስታዩ አንድ ጨዋታ እንጨምር። ጨዋታው ካለቀ በኋላ «ማን አገባ?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ማን ሠራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሣሩን ማን አጨደ? ማሊያውን ማን አጠበ? አውቶቡሱን ማን ነዳ? ካሜራውን የተሸከመው ማን ነው? ልጆች ሲጀምሩ አያቆሙም፤ አሥር ሰው ይቆጥሩላችኋል። ድራማም ስታዩ «ይህ ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው?» በሏቸው። ዜናም ስታዩ «ያላሳዩን ምንድን ነው?» በሏቸው።

ከዚያ ወደ ቤት አምጡት። «አባባ ዛሬ ምን ሠራ? እማማስ?» ትምህርት ቤት ውስጥ የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ የሐበሻ ልጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አባትህ ሱቅ ነው ያለው? እንግዲያው የሒሳብ ሰው ነው፣ የዕቃ ቁጥጥር ሰው ነው፣ ሦስትና አራት ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው። እናትሽ እንጀራ ትጋግራለች? እንግዲያው ሰፈር ትመግባለች። ይህን ቴሌቪዥን እስኪነግራችሁ አትጠብቁ።

ክለቡንም በተመለከተ ደጋፊ ይናገር፣ ይውቀስ፣ ይጠይቅ፤ መብቱ ነው። ሲወቅስ ግን የሰነፈውን ከተሳሳተው፣ የተሳሳተውን ደግሞ ሳይታይ ከደከመው ይለይ። እኛም በዚህ አገር ሰዎች እንዲያደርጉልን የምንፈልገው ይህንኑ ነው።